ፋይል መጋራት የሚያስከስሰው የት አገር ነው? ከብራና እስከ ቴሌግራም

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ ለተማሪዎችና ለኮፒ ቤት ባለቤቶች የተናገርኩት ነው። የድምፅ ቅጂው ጥራት ስለሌለው «በጽሑፍ አውጣልን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እነሆ። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ አዳራሽ ውስጥ ረስቼው የወጣሁትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ጠዋት ማራኪ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ይቺን የያዝኳትን ወረቀት ለማሳተም ነው። ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል። ልጅቷ ፍላሿን አውጥታ ሰጠችና «ያንን የስታትስቲክስ መጽሐፍ ከነመልሱ» አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ አንድ ፎልደር ከፈተ። በትምህርት ክፍል ተለይቷል፤ ጤና፣ ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ግብርና። በየክፍሉ መጽሐፉ ተደርድሯል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ቀጥሎ ወንዱ ተማሪ ሜሞሪ ካርዱን ከስልኩ አወጣና ሁለት ፊልምና አንድ ሙሉ አልበም አስጫነ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው። ሌብነት የሚባል ነገር በአእምሯቸው ያለፈ አይመስለኝም።

እና ይሄ ሕጋዊ ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚመልስላችሁን ሰው አትመኑት። መጀመሪያ የት አገር ነው የተደረገው ብሎ መጠየቅ አለበት። ቀጥሎ ተቀባይ ነህ ወይስ ሰጪ፣ ለራስህ ነው ወይስ ለገበያ፣ ሥራውስ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። አንዱ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይሄው ነው፤ ምክንያቱም ከመካከላችሁ ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ውጭ የሚሄድ አለ፣ እዚህ የሚቀረውም ቢሆን ሕግ የሌለበት አገር የሚኖር እየመሰለው ነው።

ከአንድ ቤተሰባችን ላይ ከደረሰው ልጀምር።

የአክስቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን ሄደ። አዘዞ ያደገ ልጅ ነው። በሄደ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ብርዱም ብቸኝነቱም ሲበዛበት፣ እዚህ እያለ እንደለመደው ፊልም በቶረንት አውርዶ አየና ተኛ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአንድ ጠበቃ ቢሮ ፖስታ መጣለት። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓትና ደቂቃ፣ ከዚህ የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመርህ መለያ ቁጥር) ይህን ፊልም አሰራጭተሃል ይላል። ሁለተኛ አላደርግም ብለህ ፈርም፣ ከ900 ዩሮ በላይም ክፈል ይላል። ማታውን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ለማን ሰጠሁ? ለራሴ ነው ያየሁት» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰጥቷል። አላወቀም እንጂ ሰጥቷል።

ቶረንት ማለት ወንፈል ነው። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የእኔ እርሻ ላይ መጥታችሁ ታርሳላችሁ፣ ነገ እኔ የእናንተ ላይ እመጣለሁ። በቶረንትም ፊልሙ ከአንድ ጎተራ አይደለም የሚመጣው። ብዙ ቁርጥራጭ ሆኖ ከብዙ ሰው ኮምፒውተር ይሰበሰባል፣ አንተም የደረሰህን ቁራጭ እዚያው በዚያው ለሌላው ታቀብላለህ። እያወረድክ ትጭናለህ። ጀርመን ውስጥ ደብዳቤው የሚመጣው በዚህኛው በኩል ነው፤ ስላየህ ሳይሆን ለሌላው ስላቀበልክ። እንዲህ ያለውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አብማኑንግ ይሉታል። ነገሩ ትልቅ ገበያ ሆኖ ስለነበር በ2013 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ራሱ ጠበቆቹ የሚጠይቁትን ክፍያ የሚገድብ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። እንዲያውም ቡና ቤቶች ዋይፋያቸውን ለደንበኛ ክፍት ማድረግ ይፈሩ ነበር፣ ደንበኛው ላወረደው እነሱ እንዳይጠየቁ። እሱን ያቃለለላቸው የ2017 ማሻሻያ ነው። ወንድማችን ከተማሪዎች ነፃ የሕግ አገልግሎት ምክር አግኝቶ ተደራደረና ከተጠየቀው አነስ ያለ ከፍሎ ጨረሰ። ግን ያ ገንዘብ የሁለት ወር ቀለቡ ነበር።

አሁን ደግሞ ድንበሩን ተሻገሩ። ስዊዘርላንድ። እዚያ አንድ ሰው ለራሱ ብሎ ፊልም ወይም ሙዚቃ ቢያወርድ፣ ምንጩ ሕገ ወጥ ቢሆን እንኳ አይጠየቅም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሕጋቸውን ሲያሻሽሉም ይህን አልነኩትም። ሶፍትዌርና ጌም ግን አይመለከትም። ለሌላ ሰው መጫንም እዚያም ክልክል ነው። ስለዚህ ያው ልጅ፣ ያው ፊልም፣ በባቡር ጥቂት ሰዓት ርቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ማውረዱ ብቻውን ምንም አያመጣበትም ነበር፤ ወንፈሉ ውስጥ መግባቱ ግን እዚያም ጥፋት ነው።

ሆላንድ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ለዓመታት ለግል ማውረድ የተፈቀደ ነበር። በምትኩ ባዶ ሲዲና የመሳሰለው ዕቃ ሲሸጥ ትንሽ ክፍያ ይጨመርበትና ለሥራ አመንጪዎች ይከፋፈል ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይህ አይሆንም አለ። ከሕገ ወጥ ምንጭ የተገኘን ቅጂ ሕጋዊ ማድረግ አትችሉም አለ። ጠዋት የተፈቀደው ከሰዓት ተከለከለ ማለት ነው። ሕግ አገር ብቻ ሳይሆን ቀንም አለው። አንድ ጓደኛችሁ «እዚያ አገር ይቻላል» ሲላችሁ መቼ የሰማውን ነው የሚነግረኝ በሉ።

ለምንድን ነው እንዲህ የተለያየው? ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበርን ስምምነት የሚባል አለ። አገሮች አንዱ የሌላውን ዜጋ ሥራ እንደ ራሱ ዜጋ ሥራ እንዲጠብቅ ተስማምተውበታል። ዓለም አቀፍ አንድ ሕግ ግን አልሆነም። ጥበቃው በተጠየቀበት አገር፣ በዚያ አገር ሕግ ነው የሚዳኘው። ስለዚህ አንድ ዘፈን በየአገሩ የየራሱ መብት አለው። ፋይሉ ግን ድንበር አያውቅም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካን ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ጩኸት መነሻ እዚያ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ተማሪ ናፕስተር የሚባለውን አወጣ። ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዘፈን ከማያውቀው ሰው ጋር ይለዋወጥ ጀመር። በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። ከዚያ ኩባንያዎቹ ወደ ተራው ሰው ዞሩ። አንዲት ሚኒሶታ የምትኖር፣ የአራት ልጆች እናት አለች። ስሟን አልጠራም። የተከሰሰችው በ24 ዘፈኖች ነው። በ24! ያኔ ኢንተርኔት ላይ አንዱ ዘፈን በአንድ ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በ2007 የመጀመሪያው ዳኝነት 222,000 ዶላር ክፈይ አላት። ዳኛው ስህተት አለው ብለው እንደገና እንዲታይ አዘዙ። በሁለተኛው፣ በ2009፣ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ የሚሏቸው) ወደ 1.92 ሚሊዮን አወጡት። በዘፈን 80,000 ዶላር ማለት ነው። ዳኛው ቀነሱት፣ ሦስተኛ ጊዜ ታየ፣ 1.5 ሚሊዮን ሆነ። በመጨረሻ ይግባኝ ሰሚው በ2012 ወደ 222,000 መለሰው። አምስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሳ መነሻዋ ላይ ቆመች።

ይህን ስነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እዩልኝ። የአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት ሳያስረዳ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ እስከ 150,000 እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህ ሲረቀቅ ለነጋዴ ነበር የታሰበው ብዬ አምናለሁ። እናት ላይ ሲወድቅ ፍትሕ አይመስልም። ጎረቤታቸው ካናዳ ይህን አየችና በ2012 ሕጓን ስታድስ ለንግድ ላልሆነ ጥሰት ጣሪያ አስቀመጠች፤ ከ100 እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር፣ ያውም ለሁሉም ጥሰት በአንድ ላይ። ለእኔ ይሄኛው ሰው ሰው ይሸታል።

ፈረንሳይ በ2009 እ.ኤ.አ. ሦስት ጊዜ ከተያዝክ ኢንተርኔትህ ይቆረጣል የሚል ሕግ አወጣች። የሕገ መንግሥት ምክር ቤታቸው የመጀመሪያውን ረቂቅ መለሰው፤ ኢንተርኔት የመናገር ነፃነት አካል ነው፣ ያለ ዳኛ አይቆረጥም ብሎ። መቁረጡን ራሱ በ2013 ተዉት፣ የገንዘብ ቅጣቱ ብቻ ጸና።

ጃፓን ጠንክራለች። ከጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ሙዚቃ ወይም ቪዲዮ ያወረደ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 2 ሚሊዮን የን ሊቀጣ ይችላል። ማውረድ ብቻ! ግን ከዚህ ሕግ ይበልጥ የሚገርመኝ እዚያው ጃፓን የሆነ ሌላ ነገር ነው። ዊኒ የሚባል የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም የሠራ ተመራማሪ ነበር። በ2004 ታሰረ። ሰዎች በፕሮግራሙ ፊልም ስለተለዋወጡበት ነው። ጥፋተኛ ተባለ፣ ይግባኝ አለ፣ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃነቱን አጸናለት። ሰባት ዓመት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ42 ዓመቱ አረፈ። ስንት ነገር ሊሠራ ይችል የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ቴሌግራም፣ ብሉቱዝ፣ ዜንደር፣ ቶረንት ራሳቸው ወንጀለኛ አይደሉም። መሣሪያ ናቸው። በቶረንት ሊኑክስ የሚባለው ለሁሉም በነፃ የተለቀቀ የኮምፒውተር ሥርዓት ይወርዳል፣ የምርምር መረጃ ይተላለፋል። ዋናው ጥያቄ በውስጡ ያለፈው ምንድን ነው፣ የማን ነው የሚለው ነው።

አሁን ኮፒ ቤት ያላችሁ ጆሮ ስጡኝ። ሕንድ ልወስዳችሁ ነው።

ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮፒ ቤት አለች። ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ በር ላይ ካሉት የምትለይ እንዳይመስላችሁ። መምህራኑ ከተለያዩ መጻሕፍት ምዕራፍ ምዕራፍ እየመረጡ ይሰጧታል፣ እሷ አባዝታ ጠርዛ ለተማሪ ትሸጣለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ሦስት ትልልቅ አሳታሚዎች፣ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ያሉበት፣ ኮፒ ቤቷንና ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ተማሪዎቹ ዝም አላሉም፤ ማኅበር አቋቁመው በክሱ ገቡ። የሚገርመው ከደራሲዎቹም ከምሁራኑም «መጽሐፋችን ለተማሪ ቢባዛ አንቃወምም» ብለው የጻፉ ብዙ ነበሩ። መስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለኮፒ ቤቷ ወሰነ። የቅጂ መብት ከሰማይ የወረደ ወይም ከተፈጥሮ የመጣ መብት አይደለም፣ ዕውቀት እንዲስፋፋ ታስቦ የተሰጠ ነው ሲል ጻፈ። ይግባኝ ሰሚዎቹም በዚያው ዓመት ለማስተማር ዓላማ አስፈላጊ የሆነን ያህል ማባዛት ይቻላል አሉ። በ2017 አሳታሚዎቹ ክሱን ተዉት።

ይህን ፍርድ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን ሁለት ነገር እንዳትስቱ። አንደኛ፣ የተፈቀደው መምህሩ ለትምህርቱ የመረጠው ክፍል ነው እንጂ ያገኙትን መጽሐፍ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አባዝቶ መሸጥ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሕንድ ፍርድ ጎንደር አይሠራም። እኛ የራሳችን ሕግ አለን።

«እኛ ጋ ሕግ የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልነግራችሁ አልችልም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ872/2007 ተሻሽሏል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፣ አንዱን ብቻ ካነበባችሁ ትሳሳታላችሁ። የ1996ቱ ሲታወጅ መብትን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ላይ ያስቀመጠው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የስዊዙን ሰውዬ አስቡና ይህን አስቡ። ወረቀት ላይ እኛ ለዘብተኞች አልነበርንም። መንገድ ላይ ስለማይታይ ነው የሌለ የመሰለን።

አዋጁ የሥራ አመንጪውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህ ሲባል ግን ሁሉን ዘግቶ አይደለም። አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ባለመብቱ አይከለክለውም። ያቺ ኮፒ ቤት ያየኋት ልጅ «ለራሴ ነው» ብትል ከዚህ ትነሳለች። ወዲያው ደግሞ ይገድባታል፤ መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደልብ መገልበጥ፣ የባለመብቱን ገበያ የሚዘጋ ማናቸውም ቅጂ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ለማስተማር ማባዛትም ተፈቅዷል፣ መጠኑ ተገቢ ሲሆንና ምንጩና የጸሐፊው ስም ሲጠቀስ። ኮፒ ቤቱ ግን ለራሱ አይደለም የሚገለብጠው። ፎልደር አዘጋጅቶ በክፍያ የሚጭን ሰው የግል ጥቅም የሚለው በር ውስጥ በምንም አይገባም። አሥር ሺህ ሰው ያለበት ቴሌግራም ቻናል ላይ የአገራችን ደራሲ መጽሐፍ የለጠፈም እንደዚያው። ብር ባይቀበልበትም ለሕዝብ አሰራጭቷል።

«የሆሊውድ ፊልምስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያዊንና እዚህ ነዋሪ የሆነን ሰው ሥራ፣ እዚህ መጀመሪያ የታተመን፣ እንዲሁም አገራችን በተቀበለችው ስምምነት የሚጠበቅን ነው። አዋጁ ሲወጣ ደግሞ በበርን ስምምነት ውስጥ አልነበርንም። ስለዚህ የፈረንጅ ፊልም በአደባባይ ሲጫን ማንም አለመጠየቁ ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም፣ የሕግ ምክንያትም ነበረው። ይህ ግን እንዲሁ ይኖራል ብላችሁ ሱቅ አትክፈቱበት። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ልሁን ብላ ካመለከተች ቆየች፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። አባል የሆነ አገር የበርንን ዋና ዋና ድንጋጌዎች መፈጸም ግዴታው ነው።

ከዚህ የሚመጣው ውጤት ያሳዝነኛል። ሩቅ ያለው ሀብታም ኩባንያ ፊልሙ ጎንደር ላይ ስለተጫነበት አይርበውም። በቻናሉ የሚጎዳው የእኛው ሰው ነው። ከራሴ ልንገራችሁ። የልጆች ተረት ሰብስቤ፣ አምስት ዓመት ቆላ ደጋ ወርጄ፣ በራሴ ገንዘብ 1,000 ቅጂ አሳተምኩ። በስድስተኛው ወር አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ መጽሐፍዎን ቴሌግራም ላይ አየሁት» አለኝ፤ ደስ ያለኝ መስሎት። ከፈትኩት። በስልክ ካሜራ ነው ገጽ በገጽ የተነሣው። ገጽ 34 ጥግ ላይ የቀረጸው ሰው አውራ ጣት ይታያል። ጥፍሩ ላይ ቀለም አለ። ያንን ጣት እስከዛሬ አልረሳሁትም። መጽሐፌን በእጁ ይዞ ነበር፤ ምናልባትም ገዝቶት ነው። መገልበጡን ይቅር ልለው እችል ነበር፣ ከልቤ ነው። ልጆች ያነቡታል ብዬ። ግን ሽፋኑ የለም። ሁለተኛው ገጽም የለም። በየገጹ መሃል የቻናሉ ስም በትልቁ ታትሟል። ተረቱን የነገሩኝ ሽማግሌዎች ስም መግቢያው ላይ ነበር፣ እሱም ተቆርጧል።

ጎንደር ሆነን ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚህ ከተማ ውስጥ የቁም ጸሐፊ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሆናችሁ ትኖራላችሁ። ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ፣ ወራት ተቀምጦ አንድ መጽሐፍ መገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ አባቶቻችሁ ያውቁታል። መገልበጥ ጽድቅ ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ የሚጻፈውን ታውቃላችሁ፤ የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ ቃሉን የሰማውን በአንድነት ይማር ይላል። ቀጥሎ ግዝቱ ይመጣል። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን። እስቲ ልብ በሉት። የገለበጠው አይልም። የገለበጠው ከሚባረኩት ጋር ነው። የተወገዘው መጽሐፉን ከቦታው ያጠፋው፣ ስሙንም የፋቀው ነው።

የዛሬው ሕግም ስም የማስጠራትን መብት የሞራል መብት ብሎ ለብቻው ይጠብቀዋል። የኢኮኖሚ መብትህን ብትሸጠው እንኳ ስምህ ያንተ ነው። ያ ጣቱ የታየው ልጅ የገለበጠ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልነግራችሁም ነበር። ፍቋል።

ስለ ብራና ካነሳሁ አይቀር፣ ፋይል መጋራትን ብቻ ስወቅስ የዋልኩ እንዳይመስላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አስገብተው ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ የወሰዳቸው ብራናዎች፣ ወደ 350 የሚጠጉት፣ ዛሬ ሎንዶን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ይህ ዘሰረቆ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ላይብረሪው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙዎቹን ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል። እኔ የአያቶቼን ከተማ ሥዕል ያየሁት በስልኬ ነው። ጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ግን ላይብረሪው በሳይበር ጥቃት ተመታ፣ ዲጂታል ብራናዎቹም ለብዙ ወራት ከዓይን ጠፉ። ቀድመው አውርደው ያስቀመጡ ሰዎች ያኔ ለሌላው ማካፈል ቻሉ። እነዚያን ፋይሎች መጋራት ጥፋት ነው? የ300 ዓመት ብራና የቅጂ መብት የሚጠይቅለት ጸሐፊ የለውም። የድሮን ሥዕል እንዳለ ፎቶ ማንሳት አዲስ መብት አይፈጥርም ብሎ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በ1999 ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 መመሪያው የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ የሥዕል ሥራዎችን በተመለከተ ይህንኑ ብሏል። እዚህ ላይ የምለው ግልጽ ነው፤ አውርዱ፣ አካፍሉ፣ ከየት እንደተወሰደ፣ የየትኛው ደብር እንደነበር ከታወቀ ስሙን ጻፉበት። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ባይቀረጹ ኖሮ ዛሬ ዋናው የጠፋ ስንቱን አናነበውም ነበር።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ተነሣ። ብዙውን እዚህ አልጽፈውም። አንዱን ግን መተው አልቻልኩም። ከኋላ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ተነሡ። ኮፒ ቤት አላቸው።

«መምህር፣ የተናገርኸው ገብቶኛል» አሉ። «እኔ ልጆቼን የማሳድግ በዚህች ማሽን ነው። ልዝጋ?»

«አይዝጉ፣ እትዬ» አልኳቸው። ቤታቸው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። መምህራን ራሳቸው ጽፈው የሰጧቸው ሞጁል አለ፤ ፈቃድ ነው፣ ችግር የለውም። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች አሉ፤ የትምህርት ክፍሉን ይጠይቁ አልኳቸው። የአገር ውስጥ ደራሲ ልብ ወለድ ሙሉውን ጠርዘው የሚሸጡት አለ። ዝም አሉ፣ ራሳቸው አወቁት።

«እሱን ይተዉት፣ ወይም ደራሲውን ያስፈቅዱት» አልኩ። «አንዳንዱ ደራሲ መጽሐፉ አልቆበት፣ እንደገና ማሳተሚያ አጥቶ የተቀመጠ ነው። በአንድ ቅጂ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ ቢሉት እምቢ የሚል አይመስለኝም። በጽሑፍ ይሁን ብቻ።»

እዚያው ወረቀት አወጣን። የመጽሐፉ ስም፣ ስንት ቅጂ፣ እስከ መቼ፣ ለደራሲው በቅጂ ስንት፣ የሁለቱም ፊርማ። አምስት መስመር ሆነች። አጠፏትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ቆም አሉና፣

«ደራሲውን ከየት አገኘዋለሁ?» አሉኝ።

«ስልኩ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያትሙታል።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ያንኑ ልብ ወለድ ይዞ ነበር። ከእሳቸው ቤት የገዛው ኮፒ ነው። ተቀበሉትና ከፈቱት። የሚጀምረው ከምዕራፍ አንድ ነው። ሁለተኛው ገጽ የለም።